«በባልና ሚስት መካከል አይገባም» ላሉን ጸሐፊ

ሰሞኑን «በባልና ሚስት መካከል አይገባም» የሚል ጽሑፍ ደሴና ኮምቦልቻ ከስልክ ስልክ ሲዞር ከርሟል። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰው ልኮልኛል። አንዷ ጓደኛዬ «አንቺ ፍርድ ቤት በር ላይ ነው የምትውይው፤ እስቲ ይሄ ነገር እውነት ነው?» አለችኝ። በስልክ ልመልስላት ጀመርኩና አላልቅ አለኝ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

ጽሑፉን ላላነበበ ነገሩ ባጭሩ ይሄ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ሰው ሚስቱን ገደለ። መግደሉን አልካደም። ከፍተኛ ፍርድ ቤቱ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 540፣ ማለትም በተራ የሰው ግድያ፣ ጥፋተኛ ብሎ 16 ዓመት ፈረደበት። እሱ «ቅጣቱ ቀለል በሚለው በ541 ነው መታየት ያለብኝ» ብሎ ይግባኝ አለ። ዐቃቤ ሕግ ደግሞ «539፣ ማለትም ከባድ የሰው ግድያ ነው» ብሎ በበኩሉ ይግባኝ አለ። መዝገቡ አሁን የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው።

ጸሐፊው የገዳዩን ይግባኝ ደግፈው አምስት ነገር ያነሳሉ። ይግባኝ መብቱ ነው ይላሉ። ሟች በ11 ዓመት ትዳሯ አንድ ቀን ፖሊስ ጋ አልሄደችም፤ ስለዚህ ድብደባ የሚባለው ከሞተች በኋላ የመጣ ወሬ ነው ይላሉ። ግድያው የንዴት ነው ይላሉ። ምስክሮቹ ዘመዶቿ ናቸው ይላሉ። በመጨረሻም ሽማግሌ ገብቶ ሁለቱ ቤተሰብ ታርቋል፣ የሞተ ተጎዳ፣ ለልጆቹ ሲባል አባታቸው ይውጣላቸው ይላሉ።

የማንንም ስም አልጠራም። ልጆቹ ማንበብ ይችላሉ።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። ደሴ ውስጥ ከፍርድ ቤት አጥር አጠገብ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ ኮምፒውተርና ፕሪንተር ይዤ 14 ዓመት ተቀምጫለሁ። ክስም መልስም ይግባኝም እጽፋለሁ። የምናገረው ከዚያ ወንበር ላይ ያየሁትን ነው።

ይግባኝ መብቱ ነው በሚለው እስማማለሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ሰጥቶታል። «ገድሎ ደግሞ ይግባኝ?» የሚሉ ጎረቤቶች አሉ፤ ልክ አይደሉም። ይግባኝ ባይኖር ስንቱ ያለጥፋቱ እዚያው ቀልጦ በቀረ ነበር። ግን ጸሐፊው ይግባኝን የምሕረት ልመና አስመስለውታል። ሰውየው ደግ ነው፣ ከዕድር አይቀርም፣ ለተቸገረ ይደርሳል እያሉ የጽሑፋቸውን ግማሽ ጨርሰዋል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የሚመረምረው የታችኛው ፍርድ ቤት ማስረጃውን ሲመዝንና ሕጉን ሲተረጉም ተሳስቷል ወይ የሚለውን ነው። ምስክር ጠርቶ ከሀ አይጀምርም። መዝገቡን ያነባል፣ ያከራክራል፣ ከዚያ ያጸናል፣ ያሻሽላል ወይም ይሽራል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቀኑንም ቆርጦታል። ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለትህን ታስታውቃለህ። የፍርዱ ግልባጭ በእጅህ ከገባ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ማመልከቻህን ታስገባለህ። እነዚህን ቀኖች እንደ ስሜ ነው የማውቃቸው።

መዝገቡን ያነባል ያልኩትን ያዙልኝ። በኋላ እመለስበታለሁ። የ11 ዓመቱንም ነገር እዚያው ላይ አነሳዋለሁ፤ እሱ ረጅም ነው።

መጀመሪያ ንዴቱ። ጸሐፊው «በንዴት የተፈጸመ ስለሆነ 541 ነው» ብለው ደምድመዋል። የሁለቱ አንቀጾች ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ ግን አልነገሩንም። 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። 541 ቢበዛ 5 ዓመት፣ ያውም ቀላል እስራት ነው። ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰ ሰው ደግሞ በአመክሮ ሊወጣ ይችላል። የ5 ዓመት ሁለት ሦስተኛ 3 ዓመት ከ4 ወር ነው። አባቷ ሲታሰር አንደኛ ክፍል የነበረችው ትንሿ ልጅ አራተኛ ክፍል ሳትጨርስ ቤት ይገባል ማለት ነው።

ንዴት የሌለበት ግድያ የት አለ? ንዴት ብቻውን 541 ውስጥ የሚያስገባ ቢሆን 540 የሚባል አንቀጽ ባላስፈለገ። 541 የሚያስበው ሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንደኛው ራሱን ሲከላከል ልክ ያለፈ ሰው ነው። ሁለተኛው ከባድ ማነሳሳት ደርሶበት፣ በድንገተኛ ድንጋጤ ወይም በኃይለኛ ስሜት ተይዞ የገደለ ሰው ነው። ያም ስሜት ሁኔታውን ለሚያይ ሰው የሚገባና በመጠኑ ይቅር የሚያሰኝ መሆን አለበት።

በጸሐፊው በራሳቸው አተራረክ ልሂድ። ራት ላይ ተጨቃጨቁ ይላሉ። እሷ «ከእንግዲህ አብሬህ አልኖርም፤ ልጆቼን ይዤ እናቴ ጋ እሄዳለሁ» አለችው። ተናዶ ወጣ። ጓደኞቹ ጋ ሁለት ሰዓት ያህል ቆየ። ሲመለስ የልጆቹን ልብስ ፌስታል ውስጥ ስትከት አገኛት። እዚህ ላይ ጸሐፊው «ከዚያም ሰይጣን ገባ» ብለው ያልፋሉ።

ሁለት ሰዓት ድንገት ነው? በሁለት ሰዓት ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ከአቦል እስከ በረካ ተጠጥቶ ሲኒው ይታጠባል። ማነሳሳት የተባለውስ ምንድን ነው? «እሄዳለሁ» ማለቷ ነው? መፋታት መብቷ ነው። እናቷ ቤት መሄድም መብቷ ነው። ስንት የፍቺ ማመልከቻ ጽፌያለሁ። ሴቶቹ የሚነግሩኝ አንድ ነው፤ ዱላው የሚከፋው ለመሄድ ሲነሱ ነው። ጸሐፊው ለገዳዩ ምክንያት ብለው ያቀረቡት ያንኑ መነሳቷን ነው።

ንዴት በሕጉ ቦታ የለውም እያልኩ አይደለም። አንቀጽ 82 የቅጣት ማቅለያ ምክንያቶችን ሲዘረዝር ከባድ ማነሳሳት ወይም ያልተገባ ስድብ ያመጣውን ቁጣ ይጠቅሳል። እዚያ ላይ ይከራከር። ያ ግን 540 ውስጥ ሆኖ ዓመቱን የሚቀንስ ነገር ነው፤ አንቀጹን አይቀይረውም። ጸሐፊው ሁለቱን ቀላቅለው ነው ያቀረቡት።

ሌላም የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። 541 የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አሉ። አንገቷን ታንቃ፣ ዓይኗ እየጨለመ፣ እጇ የገባውን ዘነዘና ያነሳች ሴት አለች። መጀመሪያ «ራሴን ነው የተከላከልኩት» ብላ በአንቀጽ 78 ትከራከራለች። ልክ አልፈሻል ከተባለች የምትወድቀው 541 ላይ ነው። እንዲህ ያለች ሴት እያለቀሰች ስትነግረኝ ጽፌያለሁ። ይሄን አንቀጽ ሚስቱ ልብስ ስለከተተች ለገደለ ሰው ካዋልነው ለእሷ ምን ሊተርፋት ነው?

ስለ ምስክሮቹ ብዙ አልልም። «የሟች ዘመዶች ናቸው» ተብሏል። ቤት ውስጥ የሆነን ነገር ከቤት ሰው በቀር ማን ያያል? ዘመድ ስለሆነ ብቻ ቃሉ የሚወድቅበት ሕግ የለም። ዳኛ ይሰማዋል፣ የተከሳሽ ጠበቃ መስቀለኛ ጥያቄ ይጠይቀዋል፣ ከሌላው ጋር ይመዘናል። ደግሞ ሁሉም ዘመድ አይደሉም። አንዷ እዚያው ግቢ የተከራየች የፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ ከማታ ፈረቃ ስትገባ የሰማችውን ነው የተናገረችው። ጸሐፊው እሷን ጭራሽ አላነሷትም። ትልቋን ልጅ ግን አንስተዋል። 9 ዓመቷ ነው። «አያቷ አስጠንታት ነው» ብለዋል። ልጅቷን ችሎት ላይ ያያት፣ ድምጿን የሰማት ዳኛ አመናት። ያላያት ሰው «ተጠንቶ ነው» ሲል ቢያንስ የቱ ጋ እንደተጠና ማሳየት አለበት።

ወደ ዕርቁ ልምጣ። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ብዬ ነው የምናገረው። ወሎ በዕርቅ የሚታወቅ አገር ነው። አበጋር የምንላቸው አስታራቂ ሽማግሌዎች ስንት ደም አድርቀዋል። የእኔም ቤተሰብ በዕርቅ የተረፈ ነው። የአያቴ ወንድም ተገድሎ፣ ሁለቱ ወገን ዛሬ የሚጋባውና የሚዋለደው ሽማግሌ ሜዳ ላይ ውሎ ስላስታረቀ ነው። የሟች ወንድሞች ደም እንመልሳለን ብለው ባለመነሳታቸው ሽማግሌዎቹን አመሰግናለሁ። ከልቤ ነው።

ግን ያ ዕርቅ የሁለት ዘመድ ዕርቅ ነው። ግድያ በግል አቤቱታ የሚያስከስስ ወንጀል አይደለም። ቤተሰቡ «ትተናል» ቢል መዝገቡ አይዘጋም። ጸሐፊው ሕገ መንግሥቱ ባህላዊ ዳኝነትን ይፈቅዳል ብለዋል። አንቀጽ 34 የሚፈቅደው የግልና የቤተሰብ ክርክርን ነው፤ እሱንም ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ። እዚህ ከተከራካሪዎቹ አንዷ ከአፈር በታች ናት። እሷን ማን ጠይቆ አስማማት? ሰውየው ከልቡ ተጸጽቶ፣ ካሳም ከፍሎ ከሆነ፣ ይሄም አንቀጽ 82 ላይ ቦታ አለው። ከዚያ አያልፍም።

«የሞተ ተጎዳ» የምትለዋን ቃል እኔም ለቅሶ ቤት ብያት አውቃለሁ። እናትን ለማጽናናት ነው ያልኳት። ለገዳይ መከራከሪያ ስትሆን ያየሁት አሁን ነው። ለልጆቹ ሲባል ተባለ። ልጆቹ አያታቸው ጋ ናቸው። ትልቋ አባቷ ላይ መስክራለች። ከ3 ዓመት በኋላ እሱ ሲመለስ ያቺ ልጅ 12 ወይም 13 ዓመቷ ይሆናል። ከእሱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ትደር ነው የምንላት? ጸሐፊው አባት ሆነው ይሄን ያስቡት። አባት መሆናቸውን እዚያው ጽሑፍ ላይ ነግረውናል።

አሁን የተውኩት ነጥብ። «11 ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልከሰሰችም፤ ስለዚህ አልተደበደበችም።» ይሄን አንብቤ ያን ቀን ሥራ መሥራት አልቻልኩም።

ፍርዱ በተሰጠ ሳምንት የሟች እናት ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥተው እኔ ጋ መጥተው ነበር። ፈቅደውልኝ ነው የምጽፈው። በሩ ላይ ቆመው «ለልጄ ይግባኝ ጻፊልኝ» አሉኝ። «እማማ፣ በእሷ በኩል ይግባኝ የሚለው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ እርስዎ ማለት አይችሉም» አልኳቸው። «እኔ እናቷ አይደለሁም እንዴ?» አሉኝ። ምን ብዬ እንደምመልስ ጠፋኝ። አስቀምጬ ሻይ አስመጣሁላቸው፤ አልነኩትም። ከዚያ ከጉያቸው ፌስታል አወጡ።

ፌስታሉ ውስጥ የጤና ጣቢያ ካርድ አለ። አራት ቦታ ታጥፎ እጥፉ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። ቀኑ ከመሞቷ 3 ዓመት በፊት ነው። የግራ ክንድ ስብራት ይላል። ከዚያ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ተቻኩሎ በተጻፈ ጽሑፍ፦ «ጀሪካን ተሸክማ ወድቃ»።

«ቧንቧው ከበሯ ሦስት እርምጃ ነው» አሉኝ እናትየው። «ጀሪካኗም ባለ አምስት ሊትር ናት። የትኛው ጀሪካን ነው ክንድ የሚሰብረው?»

«ታዲያ ለምን እንዲህ ተጻፈ?» አልኳቸው።

«እሱ ነዋ አጠገቧ የቆመው። ካርዱንም ያወጣላት እሱ ነው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ያ ካርድ የያዘው «ወድቃ» የሚለውን ቃል ነው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መዝገብ ያነባል ያልኩት ለዚህ ነው። መዝገቡ ላይ ያልተጻፈ ዱላ እዚያ ፎቅ ላይ ሲደርስ እንዳልነበረ ነው። ከዚያ የገዳዩ ጠበቃ ቆሞ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ 11 ዓመት በሰላም የኖሩ ባልና ሚስት ናቸው፤ የአንድ ሌሊት ንዴት ነው» ይላል። ወረቀቱም ያግዘዋል።

ለምን አልተጻፈም? በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሴቶቹን ራሳቸውን ጠይቋል። አግብተው ከሚያውቁት 34 በመቶው ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶብናል ብለዋል። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ደግሞ 66 በመቶው እርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም። ለእናታቸው እንኳ። በዚያው ጥናት 63 በመቶ ሴቶች ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ ብለው መልሰዋል። ወንዶቹ 28 በመቶ ናቸው። ዱላ የሚገባት መሆኑን ከሕፃንነቷ የተነገራት ሴት ፖሊስ ጋ ሄዳ ምን ልትል ነው? ጸሐፊው ይሄን ዝምታ ነው የሰላም ማስረጃ አድርገው ያቀረቡት።

ብትከስስስ? ለቤት ውስጥ ጥቃት ራሱን የቻለ ሕግ የለንም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚደርስን ጉዳት ያነሳና ወደ ተለመዱት የአካል ጉዳት አንቀጾች ይመራናል። ቀላል የአካል ጉዳት የሚባለው በአብዛኛው በግል አቤቱታ የሚሄድ ነው። በ3 ወር ውስጥ ማመልከት አለባት። ካነሳችው ይቆማል። እስኪወሰን ድረስ የምታድረው ደግሞ ከእሱ ጋር ነው።

የጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ የታተሙ፣ ያልተፈረሙ ማመልከቻዎች አሉ። አንዷን ልንገራችሁ። አንድ ሰኞ ቀን፣ ገበያ የወጣች አስመስላ፣ ዘንቢል አንጠልጥላ መጣች። ኩፍ ያለ እጇን በነጠላዋ ጠቅልላዋለች። ቀስ ብላ ነገረችኝ፤ ጻፍኩ። ላትም ስል መብራት ሄደ። «ትንሽ ጠብቂ፣ ይመጣል» አልኳት። መብራቱ ሳይመጣ ወንድሟና ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። አልተቆጡም። «ነይ የእኔ ልጅ፣ ገበናሽን አደባባይ አታውጪ፤ እኛ አለን» ነው ያሏት። ተነስታ ሄደች። ዘንቢሏ ባዶ ነበር፤ ወንድሟ በመንገድ ሽንኩርት ሲገዛላት በመስኮት አየሁ። መብራት ሲመጣ አተምኩት። እስካሁን አልተመለሰችም።

ሽማግሌዎቹን ክፉ ናቸው አልልም። ቤት እንዳይፈርስ ነው የሮጡት። ግን ያስታረቁትን ማንም አይጽፈውም። ቀኑ፣ የተሰበረው ክንድ፣ «ሁለተኛ አልደግምም» ብሎ የገባው ቃል፣ ሁሉም ከሽማግሌዎቹ ጋር ቤታቸው ይገባል።

እዚህ ላይ ጸሐፊውን አንድ ነገር ልጠይቃቸው። ሁለተኛው ነጥባቸው ላይ ድብደባ አልነበረም ብለዋል። አምስተኛው ላይ ግን ሽማግሌዎቹን ሲያወድሱ «ባልና ሚስቱን በሕይወት ሳለች ሦስት ጊዜ ያስታረቁ የተከበሩ አባቶች» ብለው ጽፈዋል። ሦስት ጊዜ ያስታረቋቸው ከምን ነው? ሰላም የነበረ ቤት ሦስት ጊዜ ሽማግሌ አይጠራም። ያ ዓረፍተ ነገር ሳያስቡት አምልጧቸው የወጣ ይመስለኛል። ከጽሑፋቸው ሁሉ ግን ለዚህ መዝገብ የሚጠቅመው እሱ ነው።

እነዚያ ሽማግሌዎች በከፍተኛ ፍርድ ቤቱ ምስክር ሆነው አልቀረቡም። የጠራቸው የለም፤ እነሱም አልመጡም። ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 194 ላይ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አስፈላጊ ሆኖ ካገኘው፣ ምክንያቱን መዝግቦ ተጨማሪ ማስረጃ መስማት እንደሚችል ይላል። ይቀበላል አይቀበልም የዳኞቹ ነው። መጠየቅ ግን ይቻላል። ጸሐፊው ከሽማግሌዎቹ አንዱ አጎታቸው መሆናቸውን ነግረውናል። እባክዎ ጋሼ፣ አጎትዎን ያነጋግሯቸው። መጀመሪያ ያስታረቁት መቼ ነበር? ክንዷ የተሰበረ ጊዜ ነው ሁለተኛው? እሱስ ምን ብሎ ነው ቃል የገባው? ይሄን ወደ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሄደው ይናገሩ። የሚጻፍ ነገር ካለ እኔ ያለ ክፍያ እጽፋለሁ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ክፍሌ ክፍት ነው።